የጊዜያዊ ሆስፒታል ሐኪሞች ክፍያና የቅጥር ሁኔታ፤ ከእንግሊዝ አገር የማሻሻያ ሙከራ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

ሆስፒታል ሌሊትና በዓል የማያውቅ ተቋም ነው። የድንገተኛ፣ የማዋለጃና የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በማንኛውም ሰዓት ሐኪም ሊኖራቸው ግድ ይላል። ይሁን እንጂ ሐኪምም እንደ ማንኛውም ሰው ይታመማል፤ የዓመት ወይም የወሊድ ፈቃድ ይወጣል፤ ለትምህርት ይሄዳል፤ ሥራ ይለቃል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በተረኞች ሠንጠረዥ ላይ ክፍተት ይፈጠራል። የሆስፒታሉ አስተዳደር ያለው ምርጫም ከሦስት አያልፍም፤ ያሉትን ሐኪሞች ከሰዓታቸው በላይ ማሠራት፣ አገልግሎቱን መቀነስ፣ ወይም ለተወሰነ ጊዜ የሚሠራ ሐኪም ከሌላ ስፍራ ማምጣት ነው።

ሦስተኛው ምርጫ ቀላል ቢመስልም በርካታ ጥያቄዎችን ያስከትላል። ጊዜያዊው ሐኪም ስንት ይከፈለው? አሠሪው ማን ነው? ግብሩን ማን ይቆርጣል? ፈቃድና ጡረታስ ያገኛል? የሙያ ብቃቱን የሚከታተለው፣ ስሕተት ቢፈጠርም የሚጠየቀው ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ የሐኪሙን ኪስና የሆስፒታሉን በጀት ብቻ ሳይሆን በዚያች ሌሊት አልጋ ላይ ያለውን ሕመምተኛ ጭምር ይነካል።

ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በስፋት የፈተሸችውን የእንግሊዝን ልምድ ይመለከታል። በዚያች አገር ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ካለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ በጊዜያዊ ሐኪሞች ክፍያና ቅጥር ላይ የተደረጉት ለውጦች ምን እንደነበሩ፣ ምን ውጤት እንዳስገኙና ምን እንዳልፈቱ በቅደም ተከተል ያስረዳል። በመጨረሻም ለአገራችን ሆስፒታሎች የሚጠቅሙ ነጥቦችን ያነሣል። በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጊዜያዊ ሐኪም ማን ነው?

በእንግሊዝ አገር ጊዜያዊ ሐኪም «ሎከም» ተብሎ ይጠራል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን የሌላውን ቦታ የሚይዝ ማለት ነው። ሎከም ሆኖ የሚሠራው ገና ሥልጠና ላይ ያለ ወጣት ሐኪም፣ የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ስፔሻሊስት፣ ወይም ከጡረታ የተመለሰ አንጋፋ ሊሆን ይችላል። የሥራው ዘመንም ከአንድ የሌሊት ፈረቃ እስከ ብዙ ወራት ይዘልቃል።

ወደ ሆስፒታሉ የሚገባባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው በሆስፒታሉ በራሱ ለተወሰነ ጊዜ መቀጠር ነው። ይህ ሐኪም ውሉ እስኪያልቅ ድረስ እንደ ቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ ፈቃድና የጡረታ መብት ያገኛል።

ሁለተኛው «የሠራተኞች ባንክ» በሚባለው አሠራር መመዝገብ ነው። ባንክ የተባለው ገንዘብ የሚቀመጥበት ሳይሆን ተጨማሪ ፈረቃ ለመሥራት ፈቃደኛ የሆኑ ሐኪሞች ስም የሚያዝበት መዝገብ ነው። ሆስፒታሉ ክፍተት ሲያጋጥመው ከዚህ መዝገብ ይጠራል፤ ክፍያውንም በራሱ የደመወዝ ክፍል በኩል ይፈጽማል። በባንኩ በኩል የሚሠራ ሐኪም በአገልግሎቱ የጡረታ ዕቅድ ውስጥ መሳተፍ ይችላል።

ሦስተኛው በግል ኤጀንሲ በኩል መምጣት ነው። ኤጀንሲው ሐኪሙን ያገናኛል፤ ለሆስፒታሉ የሰዓት ክፍያ ይጠይቃል፤ ከዚያም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ይህ መንገድ ፈጣን ቢሆንም ዋጋው ከሁሉም ውድ ነው። በኤጀንሲ የሚመጣው ሐኪምም በአገልግሎቱ የጡረታ ዕቅድ ውስጥ አይካተትም።

ቀጥሎ የሚታዩት ለውጦች በሙሉ በመሠረቱ ሐኪሞችን ከሦስተኛው መንገድ ወደ ሁለተኛውና ወደ መጀመሪያው ለመመለስ የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው።

ፍላጎቱ ለምን ጨመረ?

በቀደመው ዘመን ሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ መሥራታቸው እንግዳ ነገር አልነበረም። በተረኞች ሠንጠረዥ ላይ ክፍተት ሲፈጠር የሚሞላው በእነዚሁ ሐኪሞች ድካም ነበር። ይህን የለወጠው የአውሮፓ ኅብረት የሥራ ሰዓት መመሪያ ነው። መመሪያው አማካይ የሳምንት የሥራ ሰዓት ከ48 እንዳይበልጥ፣ ሠራተኛውም በየ24 ሰዓቱ ቢያንስ 11 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት እንዲያገኝ ይደነግጋል።

ሠልጣኝ ሐኪሞች መመሪያው ውስጥ የገቡት ደረጃ በደረጃ ነው። ገደቡ በነሐሴ 2004 በሳምንት 58 ሰዓት፣ በ2007 56 ሰዓት፣ በነሐሴ 2009 ደግሞ 48 ሰዓት ሆነ። የአውሮፓ ፍርድ ቤትም በ2000 እና በ2003 በሰጣቸው ሁለት ታላላቅ ውሳኔዎች ሐኪም በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ተረኛ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ፣ ቢተኛ እንኳ፣ እንደ ሥራ ሰዓት እንደሚቆጠር ወሰነ።

የውሳኔዎቹ ዓላማ ተገቢ ነበር። ዕንቅልፍ ያጣ ሐኪም ለራሱም ለሕመምተኛውም አደገኛ ነውና። ሆኖም የአንድ ሐኪም ሰዓት ሲቀንስ ያንኑ ሠንጠረዥ ለመሸፈን ተጨማሪ ሐኪሞች ያስፈልጋሉ። የሐኪሞች ቁጥር በዚያው ልክ ሳይጨምር በመቅረቱ ቀድሞ በድካም ተሸፍኖ የነበረው ክፍተት ገሃድ ወጣ። ስፔሻሊስት ለማፍራት ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ ሆስፒታሎች ቀዳዳውን በጊዜያዊ ሐኪም መድፈን ግድ ሆነባቸው። ከትላልቅ ከተሞች የራቁ ሆስፒታሎችና የድንገተኛ ሕክምና ክፍሎች በተለይ ተቸገሩ።

በዚህ ሁኔታ የመደራደር ኃይሉ በሻጩ እጅ ገባ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የቅዳሜ ሌሊት ተረኛ ያላገኘ አስተዳዳሪ ዋጋ ለመከራከር ጊዜ የለውም። በ2014/15 የበጀት ዓመት የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና ሌሎች ሠራተኞችን ጨምሮ ለኤጀንሲ ያወጣው ገንዘብ 3.3 ቢሊዮን ፓውንድ ደረሰ።

የክፍያ ጣሪያ

መንግሥት የወሰደው ዋናው እርምጃ የዋጋ ጣሪያ ማበጀት ነበር። በጊዜው ሆስፒታሎችን ይቆጣጠሩ የነበሩት ሁለት መሥሪያ ቤቶች ያወጡት ደንብ ከኅዳር 23 ቀን 2015 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሆስፒታሉ ለአንድ የኤጀንሲ ሠራተኛ በሰዓት የሚከፍለው ጠቅላላ ገንዘብ ከቋሚው ሠራተኛ መሠረታዊ ደመወዝ በተወሰነ መቶኛ እንዳይበልጥ ተደረገ።

ጣሪያው በሦስት ደረጃ ዝቅ እንዲል የታቀደ ነበር። ለሠልጣኝ ሐኪሞች በመጀመሪያ ከመሠረታዊ ደመወዝ በላይ 150 በመቶ፣ ከየካቲት 1 ቀን 2016 ጀምሮ 100 በመቶ፣ ከሚያዝያ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ደግሞ 55 በመቶ ሆነ። ስፔሻሊስቶችን ጨምሮ ለሌሎቹ የሕክምና ባለሙያዎች አካሄዱ 100፣ 75 እና 55 በመቶ ነበር።

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። የአንድ ቋሚ ሠልጣኝ ሐኪም መሠረታዊ የሰዓት ደመወዝ 30 ፓውንድ ነው ቢባል፣ ሆስፒታሉ ለኤጀንሲው ሊከፍል የሚችለው ከፍተኛ ዋጋ በመጀመሪያ 75፣ ቀጥሎ 60፣ በመጨረሻም 46 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ይሆናል። የመጨረሻው 55 በመቶ ጭማሪ እንዲያው የተመረጠ ቁጥር አልነበረም። አሠሪው ለቋሚ ሠራተኛ የሚከፍለውን የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ፣ የጡረታ ድርሻና የፈቃድ ክፍያ፣ እንዲሁም የኤጀንሲውን አገልግሎት ዋጋ እንዲሸፍን ተብሎ የተሰላ ነው። ሐሳቡ ጊዜያዊው ሐኪም በአጠገቡ ከሚሠራው ቋሚ ባልደረባው የተለየ ጥቅም እንዳያገኝ ማድረግ ነበር። ከሐምሌ 2016 ጀምሮም ኤጀንሲው ለሠራተኛው ራሱ የሚከፍለው ገንዘብ የራሱ ጣሪያ ተበጀለት።

ደንቡ አንድ መውጫ በር ትቶ ነበር። የሕሙማን ደኅንነት አደጋ ላይ የሚወድቅ ሲሆን ሆስፒታሉ ምክንያቱን መዝግቦና ለተቆጣጣሪው አሳውቆ ከጣሪያው በላይ መክፈል ይችላል። ይህ በር ባይኖር ኖሮ የወረቀት ደንብ የድንገተኛ ክፍልን ሊዘጋ ይችል ነበር። በሩ በመኖሩ ደግሞ በየሳምንቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ፈረቃዎች ከጣሪያው በላይ ይከፈሉ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጣሪያው የሚሠራው ሁሉም ሆስፒታሎች ባንድነት ሲያከብሩት ነው። ከጎረቤት ሆስፒታሎች አንዱ ጨምሮ ከከፈለ ሐኪሙ ወደዚያው ያመራል፤ ሌሎቹም ሕመምተኛ ያለ ሐኪም ከሚያድር ብለው ይከተላሉ።

የግብርና የውል ለውጦች

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው በግብር ሕግ በኩል ነው። ብዙ ሎከሞች በራሳቸው ስም ሳይሆን ባቋቋሙት አነስተኛ የግል ኩባንያ በኩል ይሠሩ ነበር። ክፍያው ለኩባንያው ስለሚገባ ሐኪሙ ከደመወዝ ግብርና ከማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ያነሰ ሊከፍል ይችል ነበር። በተግባር የተቀጣሪን ሥራ የሚሠራ ሰው እንደ ተቀጣሪ ግብር እንዲከፍል የሚያዘው ሕግ ከ2000 ጀምሮ ቢኖርም «ተቀጣሪ ነኝ ወይስ ራሴን ችዬ የምሠራ ነኝ?» የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ራሱ ነበር።

ከሚያዝያ 6 ቀን 2017 ጀምሮ ግን በመንግሥት ተቋማት ይህን የመወሰን ኃላፊነት ወደ አሠሪው ተቋም ተላለፈ። ሆስፒታሉ ሐኪሙ በሠንጠረዡ የሚገዛ፣ በሆስፒታሉ መሣሪያ የሚሠራና በክፍሉ ኃላፊ የሚታዘዝ መሆን አለመሆኑን መርምሮ ግብሩ ከምንጩ እንዲቆረጥ ማድረግ ይጠበቅበታል። በዚሁ ወቅት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሎከሞች በጅምላ እንደ ተቀጣሪ እንዲቆጠሩ መመሪያ አስተላለፈ። ሆኖም ተቃውሞ ስለ ገጠመው በግንቦት 2017 መመሪያውን አንሥቶ እያንዳንዱ ሁኔታ ለየብቻው እንዲመዘን አሳሰበ። የሠራተኛን መብትና ግዴታ የሚነካ ውሳኔ በጅምላ ሊሰጥ እንደማይገባ ይህ አጋጣሚ ያስተምራል።

ግብሩ ከምንጩ መቆረጥ ሲጀምር የአንዳንድ ሎከሞች የተጣራ ገቢ ቀነሰ። ከፊሎቹ ወደ ሠራተኞች ባንክ ወይም ወደ ቋሚ ሥራ ተመለሱ፤ ከፊሎቹ ግን የቀረባቸውን ለማካካስ ከፍ ያለ የሰዓት ዋጋ ጠየቁ። ስለዚህም የግብር ለውጡ አንዱን ወጪ ሲቀንስ ሌላውን ወጪ ይገፋ ነበር።

በዚሁ ዘመን የተስፋፋው ሌላው አሠራር «ቀጥታ ውል» ነው። ኤጀንሲ ሐኪም ሲያቀርብ በዋጋው ላይ 20 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰብ ነበር፤ ሆስፒታሉም ይህን ገንዘብ በአብዛኛው መልሶ አያገኘውም። በቀጥታ ውል ግን ሐኪሙ ከሆስፒታሉ ጋር ራሱ ይዋዋላል፤ ኤጀንሲው የሚያገኘው የማገናኘት ክፍያ ብቻ ነው። ታክሱም በሐኪሙ ክፍያ ላይ ሳይሆን በዚያች ክፍያ ላይ ብቻ ይታሰባል። ሥራው፣ ሐኪሙና ክፍሉ ሳይለወጡ የውሉ ቅርጽ ብቻ መለወጡ ከፍተኛ ገንዘብ ማዳኑ የቅጥር ቅርጽ ምን ያህል እንደሚመዝን ያሳያል።

በ2016 የወጣው የሠልጣኝ ሐኪሞች ውልም አንድ አንቀጽ አከለ። ተጨማሪ ሰዓት መሥራት የሚፈልግ ሠልጣኝ ትርፍ ጊዜውን ለኤጀንሲ ከማቅረቡ በፊት በቅድሚያ ለብሔራዊው አገልግሎት የሠራተኞች ባንክ እንዲያቀርብ ግዴታ ገባ። ይኸው ውል በየሆስፒታሉ የሥራ ሰዓት ደኅንነትን የሚከታተል ተጠሪ እንዲሾምም አደረገ።

የሐኪሙ መብትና ኃላፊነት

እስካሁን የታዩት እርምጃዎች በአብዛኛው ወጪን ለመግታት የታለሙ ናቸው። ጊዜያዊውን ሐኪም ራሱን የሚጠብቁ ሕጎችም አሉ። ከጥቅምት 1 ቀን 2011 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኤጀንሲ ሠራተኞች ደንብ በአንድ የሥራ ቦታ 12 ሳምንታት የሠራ ሰው በቀጥታ ቢቀጠር ኖሮ ሊያገኝ ይችል የነበረውን መሠረታዊ ክፍያ፣ የሥራ ሰዓትና ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። በጠቅላላው የሠራተኛ ሕግም ማንኛውም ሠራተኛ በዓመት 5.6 ሳምንት የሚከፈልበት ፈቃድ አለው። በእውነት ራሱን ችሎ የሚሠራ ሰው ግን ከእነዚህ መብቶች ውጭ ነው። በመሆኑም በግል ኩባንያ በኩል ከፍ ያለ የሰዓት ክፍያ የመረጠ ሐኪም ሲታመም የሚከፍለው፣ ሲያርፍ የሚደጉመው፣ ሲያረጅም የሚጦረው አሠሪ የለውም።

የሙያ ብቃት ክትትልም እንዲሁ የራሱ ችግር አለው። ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ በእንግሊዝ የሚሠራ ሐኪም ሁሉ በየአምስት ዓመቱ የሥራ ፈቃዱ እንዲጸና በየዓመቱ የሥራ ግምገማ ማድረግና ከባልደረቦችና ከሕሙማን አስተያየት ማሰባሰብ አለበት። ቋሚው ሐኪም ይህን በሆስፒታሉ በኩል ያከናውናል። በየሳምንቱ ከሆስፒታል ሆስፒታል የሚዘዋወረው ሎከም ግን አስተያየት የሚሰጠው አለቃ፣ ውጤቱን የሚያይበት የሕመምተኛ መዝገብ፣ የሚሳተፍበት የጉዳዮች ውይይት ሊያጣ ይችላል። ዛሬ ያከመው ሕመምተኛ ነገ ምን እንደደረሰበት የማያውቅ ሐኪም ከስሕተቱም ከስኬቱም መማር ይቸግረዋል። በ2018 የአገልግሎቱ የበላይ አካል ሎከሞችን ለሚያሠሩ ድርጅቶችና ለሎከሞች ራሳቸው የሚያገለግል መመሪያ ያወጣው ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነው።

ውጤቱ ምን ነበር?

ለኤጀንሲ ሠራተኞች የወጣው ጠቅላላ ገንዘብ በ2015/16 ወደ 3.6 ቢሊዮን ፓውንድ ከፍ ካለ በኋላ በ2016/17 ወደ 2.9 ቢሊዮን፣ በ2017/18 ደግሞ ወደ 2.4 ቢሊዮን ወረደ። በሁለት ዓመት ውስጥ የአንድ ሦስተኛ ቅናሽ መገኘቱ የሚናቅ አይደለም።

ነገር ግን አኃዙን ሙሉ አድርጎ ማንበብ ያስፈልጋል። በ2017/18 ለሠራተኞች ባንክ የተከፈለው ገንዘብ ለኤጀንሲ ከተከፈለው በለጠ። ይህም ማለት ወጪው በከፊል የቀነሰው ክፍተቱ ስለ ጠበበ ሳይሆን ክፍተቱን የሚሞላው ሐኪም በሌላ በር በመግባቱ ነው። በሩ መለወጡ በራሱ ጥቅም አለው፤ በባንክ የሚመጣው ሐኪም ብዙውን ጊዜ የዚያው ሆስፒታል ባልደረባ በመሆኑ ክፍሉን፣ መዝገቡንና ነርሶቹን ያውቃል። ይሁንና ያው ሐኪም የቀኑን ሥራ ጨርሶ የሌሊቱን ፈረቃ በባንክ በኩል የሚሠራ ከሆነ የሥራ ሰዓት ሕጉ ሊከላከለው የተነሣው ድካም በጓሮ በር ተመልሶ ይገባል።

የኮቪድ ወረርሽኝና ከእርሱ በኋላ የመጣው የሕሙማን ወረፋ ደግሞ ፍላጎቱን እንደገና አናረው። በ2022/23 የኤጀንሲ ወጪው ወደ 3.5 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ተመለሰ፤ ማለትም ጣሪያው ከመጣሉ በፊት ከነበረው በላይ ሆነ። በመጋቢት 2023 የጀመረው የሠልጣኝ ሐኪሞች ተከታታይ የሥራ ማቆም እርምጃም ሌላ ጥያቄ አስነሣ። በሥራ ማቆም ላይ ያሉ ሐኪሞችን ቦታ በኤጀንሲ ሐኪም መሙላት ይፈቀዳል? መንግሥት ይህን የሚከለክለውን የቆየ ደንብ በ2022 ሽሮት ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን በሐምሌ 2023 ሽረቱን ውድቅ በማድረጉ ክልከላው ከነሐሴ 2023 ጀምሮ እንደገና ጸና።

ከዚያ በኋላ ቁጥጥሩ ጠበቀ። የኤጀንሲ ወጪ ከጠቅላላው የደመወዝ ወጪ በ2023/24 ከ3.7 በመቶ፣ በ2024/25 ደግሞ ከ3.2 በመቶ እንዳይበልጥ ግብ ተቀመጠ። በ2023/24 ወጪው ወደ 3 ቢሊዮን ፓውንድ ወረደ። በሐምሌ 2025 ይፋ የሆነው የመንግሥት የዐሥር ዓመት የጤና ዕቅድም የኤጀንሲን አሠራር ከነጭራሹ የማስቀረት ሐሳብ ይዟል።

ከእነዚህ ሁሉ ዓመታት የሚወጣው ድምዳሜ አንድ ነው። የክፍያ ገደብ የክፍተቱን ዋጋ ይቀንሳል እንጂ ክፍተቱን አይደፍንም። ጊዜያዊ ሐኪም የችግሩ ምልክት ነው፤ በሽታው የሐኪም እጥረትና ቋሚ ሐኪምን የማያቆይ የሥራ ሁኔታ ነው። ትኩሳትን ብቻ የሚያበርድ ሕክምና በሽታውን እንደማያድነው ሁሉ ዋጋን ብቻ የሚገታ ደንብም እጥረቱ ሲብስ ይሸነፋል።

የመጀመሪያዋ ሌሊት

ከክፍያው ክርክር ጀርባ ብዙም የማይነሣ አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም ጊዜያዊው ሐኪም ሥራ የሚጀምርባት የመጀመሪያዋ ሌሊት ናት። ሐኪሙ በሙያው የበቃ ቢሆን እንኳ የድንገተኛ መድኃኒት ሣጥኑ የት እንዳለ፣ ደም ከየትኛው ክፍል እንደሚጠየቅ፣ የላቦራቶሪ ውጤት በምን እንደሚታይ፣ ነገሩ ከአቅሙ በላይ ሲሆን የትኛውን ስፔሻሊስት በየትኛው ስልክ እንደሚጠራ ካላወቀ ዕውቀቱ ሊባክን ይችላል። ለአንድ ሌሊት የተከፈለ ብዙ ገንዘብ ለግማሽ ሰዓት ገለጻ የሚሆን ጊዜ ካጣ ገንዘቡ ሰው አመጣ እንጂ አገልግሎት አላመጣም።

ስለዚህ ጊዜያዊ ሐኪም የሚቀበል ማንኛውም ክፍል ቢያንስ አራት ነገሮችን ማሟላት ይገባዋል። አንደኛ፣ ሐኪሙ ከመምጣቱ በፊት የሥራ ፈቃዱና ልምዱ ለተመደበበት ሥራ ብቁ መሆኑ በሰነድ ይረጋገጥ። ሁለተኛ፣ የክፍሉን አሠራር የሚያሳይ አጭር የጽሑፍ መግለጫና ወደ መዝገብ የሚያስገባ የራሱ የይለፍ ቃል ይሰጠው። ሦስተኛ፣ በሥራው መጀመሪያና መጨረሻ የፊት ለፊት ርክክብ ይደረግ። አራተኛ፣ የሚጠራው ኃላፊ ስፔሻሊስት ስምና ስልክ አስቀድሞ ይታወቅ። እነዚህ ነገሮች ከፍተኛ በጀት አይጠይቁም።

ለአገራችን ያለው ትርጉም

የእንግሊዝ ሁኔታ ከኢትዮጵያ በእጅጉ የተለየ ነው። የሀብቱ መጠንም ሆነ የሐኪሙ ቁጥር አይወዳደርም። ሆኖም ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ይፋ ባደረገው፣ የጤና ባለሙያ እጥረታቸው ጥበቃ በሚያሻቸው 55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለች። እንግሊዝም በዝርዝሩ ካሉ አገሮች በዘመቻ እንዳይመለመል በሥነ ምግባር መመሪያዋ ከልክላለች። ባለሙያው በራሱ ተነሣሽነት ማመልከቱን ግን መመሪያው አይከለክልም። የበለጸገ አገር የተረኞች ሠንጠረዥ ሲጎድል ጉድለቱ ድንበር ተሻግሮ የድሃ አገርን ሠንጠረዥ ሊያጎድል ይችላል ማለት ነው።

በአገር ውስጥም የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪም ከመደበኛ ሥራው ውጭ በግል ሆስፒታል በሰዓት ወይም በፈረቃ መሥራቱ የተለመደ ነው። ጊዜያዊ ሐኪም የሚለውን ስም ባንጠቀምም ነገሩ ያው ነው። ይህም ከላይ የተነሡትን ጥያቄዎች ሁሉ ያስነሣል።

በግል የጤና ተቋማት ያለው የቅጥር ግንኙነት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚገዛ ሲሆን የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው ሕግ ይተዳደራሉ። አዋጁ በፈቃድ ወይም በሕመም ምክንያት ለጊዜው የተለየ ሠራተኛን ለመተካት የተወሰነ ጊዜ ውል ማድረግን ይፈቅዳል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ለትርፍ ሰዓት የሚከፈለው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ በሁለት ተኩል ተባዝቶ ነው። በሌላ በኩል በራሱ የሙያ ኃላፊነት ክፍያ እየተቀበለ የሚሠራ ሰው ከአዋጁ ውጭ ነው። እንግዲህ «ተቀጣሪ ነው ወይስ ራሱን ችሎ የሚሠራ?» የሚለው ጥያቄ በእኛም አገር የሐኪሙን የፈቃድ፣ የሕመምና የትርፍ ሰዓት መብት የሚወስን ነው።

በመሆኑም ለአንድ ሌሊትም ሆነ ለስድስት ወር የሚሠራ ሐኪም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ውሉ በጽሑፍ ሊሆን ይገባል። ውሉ የክፍያውን መጠንና የሚከፈልበትን ቀን፣ ግብር የሚቆርጠውን ወገን፣ የሥራውን ሰዓት፣ ሕመም ወይም አደጋ ቢያጋጥም የሚደረገውን፣ እንዲሁም በሙያ ስሕተት ክስ ቢመጣ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ቢገልጽ ኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ያድናል። ሆስፒታሉም ሐኪሙ ከሌላ ተቋም የሌሊት ተረኝነት ወጥቶ የመጣ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ይኖርበታል። ሁለቱ ተቋማት ለየብቻ ሕጉን ቢያከብሩም ሐኪሙ አንድ ነው፤ ድካሙም ይደመራል።

ማጠቃለያ

የእንግሊዝ ተሞክሮ እንደሚያሳየው የዋጋ ጣሪያ፣ የግብር ደንብ፣ ቀጥታ ውልና የሠራተኞች ባንክ እያንዳንዳቸው ጥቅም አላቸው። ነገር ግን ብቻቸውን የቆሙ መፍትሔዎች አይደሉም። ወጪው በዘለቄታው የሚቀንሰው ቋሚ ሐኪም በቂ ሆኖ ሲገኝ፣ የተገኘውም በሥራው ለመቆየት ሲወድ ነው። ለጊዜያዊ ሐኪም በውድ የሚከፈለው ገንዘብ ቋሚውን ለማቆየት አስቀድሞ ያልወጣው ገንዘብ ወለድ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

እስከዚያው ድረስ ጊዜያዊው ሐኪም ለሠንጠረዡ መሙያ ብቻ የሚፈለግ እንግዳ ሳይሆን ስሙ፣ ውሉና ኃላፊው የሚታወቅ የሥራ ባልደረባ ሊሆን ይገባል። ሌሊት ዓይኗን ገልጣ ነጭ ካባ የለበሰ ሰው ከአጠገቧ ያየች ሕመምተኛ ሐኪሙ ቋሚ ይሁን ጊዜያዊ አትጠይቅም። የምትጠብቀው ሐኪሙ ሥራውን የሚያውቅ፣ ያረፈና በኃላፊነት የቆመ እንዲሆን ነው። ማንኛውም የክፍያና የቅጥር ማሻሻያ ሊመዘን የሚገባውም በዚህ ሚዛን ነው።